ቅሬያችን ነፍስ ሳይወጣም ይድረስ

ወሎ ውስጥ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው፣ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ክርስቲያን ሙስሊም ሳይባል ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ይወጣል። በዚህ እኮራለሁ። ግን ያው ሰው ገና ሳይሞት፣ ደጃፉ ላይ ተዘርሮ እያለ ምን እናደርግለታለን? አብዛኛውን ጊዜ ከበን እናያለን። ቅሬዎቻችን የመጀመሪያ እርዳታ መማር አለባቸው የምለው ለዚህ ነው።

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ሥልጠናውን ወስጃለሁ። አብረውኝ የነበሩት ሁሉ ጀማሪዎች ናቸው። የባጃጅ ሾፌሮች፣ መምህራን፣ ሻይ ቡና የምትሸጥ ልጅ፣ አንድ የቅሬ ዳኛ። አሠልጣኙ የመለማመጃውን አሻንጉሊት መሬት ላይ አጋድሞ አሳየን። የወደቀውን ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርገህ ትጠራዋለህ። ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ አንዱ ይደውላል፣ ሌላው ደረቱን መጫን ይጀምራል። መዳፍ በደረት መሀል፣ ክርን ሳይታጠፍ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ።

ሲነገር ቀላል ነው። አንዱ የባጃጅ ሾፌር፣ ደንዳና ጎረምሳ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ላብ በላብ ሆነ። በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ የሚባለው ወዶ አይደለም። ከሁላችን አሳምረው የጫኑት አንዲት እናት ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተንበረከኩ። ሙቀጫ የለመደ ክንድ ምቱን አይስትም። መሀል ላይ ቆም ብለው፣ "ልጄ፣ አጥንቱ አይሰበርም?" አሉ።

"ሊሰበር ይችላል። አብሽሩ እማማ፣ የጎድን አጥንት ይጠገናል። ዝም ብለን ካየነው ግን ይሞታል" አላቸው አሠልጣኙ። መጫናቸውን ቀጠሉ።

ልብ ሲቆም ወደ አእምሮ ደም አይሄድም። ከ4 እና 5 ደቂቃ በኋላ አእምሮ መጎዳት ይጀምራል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ጠመዝማዛ በጉም ቀን አስቡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፣ መጥራትም የግድ ነው። እስኪደርስ ግን ያለው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው።

ያ ሰው ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቆምም። የሚጥል በሽታ ለጣለው ክብሪት ጭሮ ያስሸትታል። ለሚደማ ቁስል ቡና ይነሰንሳል፣ ለቃጠሎ ሊጥ ይቀባል። አደጋ የደረሰበትን እጅና እግሩን ይዞ ባጃጅ ላይ ይጭናል፤ አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያስተማረው የለም። ትክክለኛው መንገድ በሽታው የጣለውን ሰው ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጎ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት ነው። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መጫን፣ የተቃጠለውን 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ማቆየት። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም።

የቅሬው ዳኛ ከባድ ጥያቄ አነሱ። "የወደቀችው ሴት ብትሆንስ? ወንድ ደረቷን ይንካ?" እኔ ነፍስ ለማዳን ነውር የለም ባይ ነኝ። ግን ይህን ክርክር ሰው ወድቆ እያለ አንጀምረውም፤ ዛሬ ቁጭ ብለን እንጨርሰው። ሴቶችም ወንዶችም ከሠለጠኑ ደግሞ ግማሹ ችግር ተቃለለ።

"ሆስፒታል አለን አይደል?" የሚሉኝ አሉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ተመታ። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትም የደሴ፣ የኮምቦልቻና የወልድያ ሆስፒታሎች ተዘርፈው ሥራ አቁመው ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ለቁስለኛው የሚደርስለት ጎረቤቱ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ አጀንዳ አስይዙልኝ። ከየቅሬው ለመጀመሪያ ዙር አንድ ወንድና አንድ ሴት ይመረጡና በአቅራቢያው ያለው የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ እንዲያሠለጥናቸው ይጠየቅ። ለጓንት፣ ለፋሻና ለጎዝ ከወር መዋጮው ትንሽ ይነሳ። የሠለጠኑት ሰዎች ስልክም በሰፈሩ ሁሉ እጅ ይግባ።