«047ን አስቆርጡ» ለሚሉን

ሰሞኑን እዚህ ጅማ ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «መደበኛ ስልክ ጊዜው አልፎበታል፤ 047ን አስቆርጡና ወደ ኢንተርኔት ስልክ ግቡ፤ ፈጣን ኢንተርኔት እስካላችሁ ድረስ ጥሪው ነፃ ነው» ብለው አረፉት። (047 የጅማ አካባቢ መደበኛ ስልክ መነሻ ቁጥር ነው።) አዳራሹም አጨበጨበ። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ስህተት መደርደር ራሱ ሙያ ነው።

«ነፃ» ከምትለዋ እንጀምር። ጥሪ ነፃ የሚሆነው ደዋዩም ተቀባዩም ያንኑ መተግበሪያ ሲጭኑና ሁለቱም ዳታ ሲኖራቸው ነው። ይህንን ቴሌግራም የያዘ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለዚህ አዳራሽ መከራየት አያስፈልግም። ከአጋሮ ቡና ጭኖ የሚመጣ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ በኪሱ የያዘ ደንበኛ ግን የሚደውለው ቁጥር ላይ ነው። አሠልጣኙ በስክሪን ያሳዩት አገልግሎት ደግሞ የሚሰጠው በ+1 የሚጀምር የአሜሪካ ቁጥር ነበር። ከጅማ ወደዚያ የሚደውል ሰው የሚቆረጥበት የዓለም አቀፍ ጥሪ ሒሳብ ነው። ነጋዴው ወጪ ቀነስኩ ብሎ ወጪውን ደንበኛው ጫንቃ ላይ ጣለው ማለት ነው። ደንበኛውም ካርዱ ሲያልቅበት ተናዶ ጎረቤት ሱቅ ይደውላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ፈጣን ኢንተርኔት» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። አንድ ጥሪ ጂ.711 በሚባለው የድምፅ አሠራር 87 ኪሎ ቢት በሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ 260 አካባቢ። ከአንድ ሜጋ ሩብ ያህሉ መሆኑ ነው። ስለዚህ ችግሩ የሜጋ ማነስ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከሱቁ ሠራተኞች አንዱ ቪዲዮ ሲጭን የመላኪያው መንገድ ተዘግቶ ድምፁ ከኋላ ሲሰለፍ ነው። በቅድሚያ መለካት ያለበትም ይኸው ነው፤ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ትልቅ ፋይል እየጫናችሁ ወደ አገልግሎት ሰጪው አድራሻ 200 ጊዜ ፒንግ አድርጉ (ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ የሚፈጀውን ጊዜ መለካት ነው)። ደርሶ መልሱ ከ300 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ፣ በትንሹና በትልቁ መካከል ከ30 በላይ ልዩነት በየጊዜው ከታየ፣ ወይም ከመቶው ከአንድ በላይ ከጠፋ፣ ገንዘባችሁን ያዙ። 20 ሜጋ ብትገዙም አይፈታውም። የሚፈታው ራውተሩ ላይ የመላኪያውን ፍጥነት ከተለካው ወደ 85 በመቶ መገደብና ለድምፅ ቅድሚያ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ አሠልጣኙ አንዴም ስሙን ወዳላነሱት ነገር እንምጣ፤ መብራት።

በመዳብ ሽቦ የሚመጣው መደበኛ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከእናንተ ቆጣሪ አይደለም። 48 ቮልት በራሱ በስልኩ ሽቦ ላይ ከቴሌ ማዕከሉ ይመጣል፤ ማዕከሉ ደግሞ ባትሪ አለው። የጅማው መርካቶ በሙሉ ጨለማ ቢሆን ጠረጴዛው ላይ ያለው አሮጌ ስልክ ይጮኻል። የኢንተርኔት ስልክ ግን አራት ሶኬት ይፈልጋል፤ የፋይበሩ ሳጥን (በብርሃን የሚመጣውን ኢንተርኔት የሚቀበለው)፣ ራውተሩ፣ ስዊቹ (መስመሩን ለስልኮቹ የሚያከፋፍለው) እና ስልኩ ራሱ። የጅማ በርጩማ በሦስት እግሩ ተማምኖ ይቆማል፤ ይህ አራት እግር ኖሮት አንዱ ሲሰበር በሙሉ ይዘረጋል። (እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፤ የ047 ስልካችሁን ሽቦ ተከተሉት። ጫፉ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ፋይበሩ ሳጥን ጀርባ ላይ ከተሰካ፣ ስልካችሁ ድሮውንም የኢንተርኔት ስልክ ሆኗል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።)

«ዩፒኤስ ግዙ» ይባል ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን መሣሪያ ማለት ነው። ይገዛ፣ ግን ይሰላ። ሳጥኑና ራውተሩ እያንዳንዳቸው ወደ 10 ዋት፣ ሁለት ስልኮች አምስት አምስት፣ ትንሿ ስዊች ሌላ አምስት፤ በድምሩ 35 ዋት ነው። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው። በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ላይ ዩፒኤሱ ራሱ ለመቀየሪያ የሚበላውና ከባትሪው ተሟጦ የማይወጣው ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው ግማሹ ያህል ነው፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ይህም ባትሪው አዲስ ሳለ ነው። በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል። አንዱ ደግሞ ፕሪንተሩን እዚያው ላይ ይሰካዋል፤ ያን ጊዜ ሰዓቱም ቀርቶ ደቂቃ መቁጠር ይጀመራል።

የሚሻለው መንገድ ርካሽም ነው። የሳጥኑንና የራውተሩን አዳፕተር ገልብጣችሁ አንብቡ፤ አብዛኞቹ 12 ቮልት ይላሉ። ከሆነ ከባትሪ በቀጥታ 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ አስገቡ፤ ወደ 220 ወጥቶ ተመልሶ የሚወርድ ኃይል ስለሌለ ብክነቱ ይቀንሳል። ከመግዛታችሁ በፊት የጃኩን ውፍረትና አምፔሩን አመሳክሩ። የጠረጴዛ ስልኮቹን ተዉአቸው፤ መብራት ሲጠፋ ጥሪው በሞባይል ላይ በተጫነው መተግበሪያ በኩል ይጩህ። ሞባይል ባትሪውን ይዞ ነው የሚዞረው። ምርጫ ካላችሁ በሲም ከሚሠራ ራውተር ይልቅ ፋይበር ያዙ፤ ከማዕከሉ እስከ ደጃችሁ ባለው መስመር ላይ ብርሃኑን የሚያከፋፍለው መሣሪያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። የሞባይል ማማ ግን ረጅም መጥፋት ሲመጣ ባትሪው ያልቃል።

መብራቱ ባይጠፋም መውረድ አለ። የእንጨት ሥራ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ መላጊያው ማሽን ሲነሳ አምፖሉ ይደበዝዛል። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ ነው። ያቺ ቅጽበት ራውተሩን ታጠፋዋለች፤ ተነስቶ ኢንተርኔት እስኪያገኝና ስልኮቹ እንደገና እስኪመዘገቡ ሁለት ደቂቃ ይሄዳል። በቀን አሥር ጊዜ ማሽን የሚያስነሳ ሰው ሃያ ደቂቃ ስልክ የለውም፤ የደወለው ደንበኛ ደግሞ «ጠፍተዋል» ይላል። እዚህ ላይ ለራውተሩ ስታቢላይዘር መሸጥ የተለመደ ነው፤ የእሱ ሪሌ (ማቀያየሪያው) ቷ ቷ እያለ እስኪቀይር ራውተሩ ወድቋል። ማሽኑን በተለየ መስመርና ብሬከር ማድረግ፣ ራውተሩንም ባትሪ ላይ ማዋል ነው መፍትሔው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው፣ ግን እሱንም አልነገሩም። ጥሪ በየጊዜው 32 ሰከንድ ላይ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ስልኩን አትቀይሩ። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚለውን (የጥሪ መልእክቱን እየነካካ የሚያበላሸውን ቅንብር) አጥፉ፤ ሳጥኑና ራውተሩ ሁለቱም የኢንተርኔት አድራሻ የሚቀይሩ ከሆነ አንዱን ወደ ብሪጅ (አድራሻ ሳይቀይር ወደሚያሳልፍበት አሠራር) አዙሩ። የውስጥ ቁጥር 101 ሆኖ የይለፍ ቃሉም 101 የሆነበት የሱቁ የጥሪ ማከፋፈያ (ፒቢኤክስ) ለኢንተርኔት ክፍት ከተተወ፣ ቅዳሜ ማታ ሌላ ሰው ወደ ውጭ አገር ይደውልበታል፤ ሒሳቡ ሰኞ ለባለሱቁ ይደርሳል። ዓለም አቀፍ ጥሪን ዝጉ፣ ሒሳቡን ቅድመ ክፍያ አድርጉ።

ስለ ሕጉ አንድም ቃል አለመተንፈሱ ደግሞ የባሰ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጠውን ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱን የሚያገኘውንም በወንጀል የሚጠይቅ ሆኖ ነው የተጻፈው። በ2011 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1148 መጥቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል። እንግዲህ ለነጋዴ ሊነገር የሚገባው የመጀመሪያው ነገር «አገልግሎት ሰጪውን ፈቃድህን አሳየኝ በለው» የሚለው አይደለም? ወይስ ጭብጨባ ይቀንሳል?

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። እዚሁ ጅማ ማምረቻው ኪቶ ፉርዲሳ፣ መሸጫው መርካቶ የሆነ ሰው በሁለቱ መካከል በኢንተርኔት ቢነጋገር ይጠቀማል። እዚያ ይጀመር። 047 ባለበት ይቆይና አዲሱ ስልክ ከጎኑ ክረምቱን ይለፍ፤ ነጎድጓዱንም መብራት መጥፋቱንም ይቅመስ። መቁረጥ ያለበት ነገር ካለ ከዚያ በኋላ ይታያል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ለምን?

ሥልጠናው በሚቀጥለው ሳምንትም አለ ይባላል። የምትገቡ ካላችሁ አንድ ሰው በሩ አጠገብ ይቀመጥ። አሠልጣኙ በዚያ ነፃ ስልካቸው መደወል ሲጀምሩ የአዳራሹን ብሬከር ዝቅ ያድርግላቸው።