ጠያቂ ሞልቶ አስታማሚ ሲጠፋ

ታማሚ ሊጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ብርቱካን ወይም ሙዝ በፌስታል ይያዛል፣ «እግዚአብሔር ይማርህ» ተብሎ አልጋው ሥር ይቀመጣል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ሁለቱም ፖታሲየም የበዛባቸው ፍሬዎች ናቸው። የደከመ ኩላሊት ፖታሲየምን በሽንት ማስወጣት ስለሚያቅተው ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል፣ ልብን ሊያቆምም ይችላል። ጠያቂው ይህን ላያውቅ ይችላል፣ አይፈረድበትም። አስታማሚ የሚባለው ግን ፌስታሉን አመስግኖ ተቀብሎ ለጎረቤት አልጋ የሚያካፍለው ሰው ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በአዲስ አበባ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ያለበትን ቤት ስታዘብ፣ ትልቁ ልዩነት የሚታየኝ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ነው። አሜሪካ ውስጥ የንቅለ ተከላ ማዕከሉ ታማሚውን ተጠባባቂ መዝገብ ላይ ከማስፈሩ በፊት የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ «አስታማሚህ ማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ስሙን፣ ስልኩን፣ መኪና መንዳቱን፣ ከሥራ ፈቃድ ማግኘቱን ትመዘግባለች። የእኛ ሰው «ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ አለልኝ» ይላል፣ እውነቱንም ነው። እሷ የምትፈልገው ግን ማክሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወደ ላቦራቶሪ የሚነዳ አንድ ሰው ነው። በመጀመሪያው ወር ምርመራው በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው። እሑድ ቤቱ በሰው ይጨናነቃል፤ ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ሥራ ላይ ነው። አገር ቤት ደግሞ ይህን ጥያቄ ማንም አያነሳውም፤ አንዲት እህት ወይም ሴት ልጅ ሥራዋን ትታ ትቀመጣለች፣ መልሱ እሷ ናት።

አሜሪካ ውስጥ ኩላሊት ለማግኘት የተመዘገበው ሰው ወደ 90,000 ይጠጋል፣ ከሞተ ሰው የሚገኘውን መጠበቅ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። ወረፋው የሚቆጠረው የኩላሊት አቅም (ከደም ምርመራ የሚሰላ፣ ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚያሳይ ቁጥር) 20 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ሰውየው ከተመዘገበበት ወይም የኩላሊት እጥበት ከተጀመረበት ቀን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ ያልሰማው ነገር አለ። ለዓመታት ላቦራቶሪዎች አቅሙን ሲያሰሉ ለጥቁር ሰው ውጤቱን ከፍ የሚያደርግ ማባዣ ይጨምሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ቀመር ጭማሪው 16 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አቅሙ 20 የደረሰ ኢትዮጵያዊ በወረቀት ላይ 23 ሆኖ «ገና ነህ» ይባል ነበር። ማባዣው ከቀረ በኋላ፣ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕከላት በዚህ ምክንያት የዘገዩ ጥቁር ተመዝጋቢዎችን ፈልገው የጠፋባቸውን ጊዜ እንዲያስመልሱላቸው ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ወረፋ ላይ ያለ ሰው «የእኔ ፋይል ታይቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። የድሮ የክሪያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚበዛ ቆሻሻ) ውጤቶችን ይዞ መቅረብ ይጠቅማል።

አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ወረፋ የለም። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የመጀመሪያውን የንቅለ ተከላ ማዕከል ሲከፍት መሠረቱ በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ተራህ መቼ ይደርሳል?» ሳይሆን «ከቤተሰቡ ማን ይሰጣል?» ነው። ብዙዎች ወደ ሕንድ ይሄዳሉ፣ እዚያም የ1994ቱ እ.ኤ.አ. ሕግ የዝምድና ማስረጃን አጥብቆ ይጠይቃል፤ ለውጭ አገር ሰው የኤምባሲ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የእኛ ችግር ስም ላይ ይጀምራል። የቤተሰብ ስም የለንም። በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት የአባት ስማቸው ይለያያል፣ ለሕንዱ ቢሮ ባዕዳን ይመስላሉ። «ፀሐይ» በአንዱ ፓስፖርት በቲ፣ በሌላው በኤስ ተጀምሮ ይጻፋል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ተደራጅቶ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም በመሆኑ አዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት አውጥተው አያውቁም። ወረቀቱን ማስተካከል ሳምንታት ይወስዳል፣ ታማሚው እጥበት ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ከአገር ቤት ለጋሽ ወደ አሜሪካ ለሚያስመጣም ያው ነው። የታካሚው መድን የለጋሹን ምርመራና ቀዶ ሕክምና ይከፍላል፤ የአውሮፕላን ቲኬትና የቀረ ደመወዝ ግን ከኪስ ነው። ስለዚህ ከቪዛው በፊት የደም ዓይነት፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ሽንት፣ የጉበት ቫይረስና አልትራሳውንድ እዚያው አዲስ አበባ ቢታዩ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሐዘን ይቀራል።

ለጋሹን በተመለከተ እዚህ ያየሁትና በጣም የማከብረው ሥርዓት አለ። አሜሪካ ውስጥ ለለጋሹ ብቻ የሚቆም፣ ከታካሚው ሐኪሞች የተለየ ተሟጋች እንዲመደብለት ደንቡ ያስገድዳል። ለጋሹን ብቻውን ያነጋግረዋል። ልቡ ካልፈቀደ ማዕከሉ ለቤተሰቡ «ለመስጠት ብቁ አይደለም» ብቻ ብሎ ይዘጋዋል፣ ምክንያቱን አይናገርም። አገር ቤት ጉዳዩ በቤተሰብ ጉባኤ ይወሰናል። ታላቅየው ልጆች አሉት፣ ሁለተኛው ሥራ አለው ይባልና ዓይን ሁሉ ያላገባችው ታናሽ ላይ ያርፋል። «አልችልም» የምትልበት በር የለም። ዲያስፖራው በስልክ ሲያግባባ ይህን አስቦ ቢያግባባ ጥሩ ነው። ወንድምን ማዳን ታላቅ ነገር መሆኑ የእሷን ፍርሃት አያጠፋውም።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው ከጀርባ ሳይሆን ከሆድ በታች በአንዱ ጎን ነው፤ የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ አይወጡም። የሽንት ቱቦው እንዳይጠብብ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጡ ይገባል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ መውጣት አለበት። ሕንድ ተተክሎለት አገሩ የገባ ሰው ይህ ቱቦ ወጥቶለት እንደሆነ ቤተሰቡ ማረጋገጥ አለበት፤ የተረሳ ቱቦ ኢንፌክሽንና ጠጠር ያመጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የቤት ሥራ ነው። መጀመሪያ ውኃ። እጥበት ላይ ሳለ በቀን አንድ ሊትር እንኳ ሲቆጠርበት የኖረ ሰው አሁን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ጠጣ ይባላል። ብዙዎች ይፈራሉ፣ ቤተሰቡም አብሮ ይፈራል። የሚጠጣውና የሚሸናው በመለኪያ ይጻፋል፣ ክብደት በየጠዋቱ ይመዘናል። በአንድ ቀን አንድ ኪሎ ከጨመረ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ የተተከለበት ቦታ ካመመ ሐኪም ዘንድ መደወል ነው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይዋጋው የሚሰጠው፣ ታክሮሊመስ የሚባለው ዋናው መድኃኒት በ12 ሰዓት ልዩነት ይዋጣል። የአሜሪካ ብልቃጥ ላይ «9» ተብሎ ይጻፋል፤ ለማስታመም ከአገር ቤት የመጡት እናት ሰዓታቸው በሐበሻ አቆጣጠር ነው፣ 9 ሰዓት ለእሳቸው ከቀትር በኋላ ነው። ይህ ስህተት በእውነት ይደርሳል። ብልቃጡ ላይ «ጠዋት 3፣ ማታ 3» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ነው መፍትሔው። ደም በሚሰጥበት ቀን የጠዋቱ ክኒን ሳይዋጥ ተይዞ ይኬዳል፣ ደም ከተቀዳ በኋላ ይዋጣል፤ ምክንያቱም የሚለካው ቀጣዩ ሊወሰድ ሲል የቀረው መጠን ነው። ቀድሞ የዋጠ ሰው ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታይና ሐኪሙ ያለ ምክንያት ይቀንስለታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚፈለገው መጠን በብዙ ቦታ ከ8 እስከ 10 ናኖግራም በሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ሲያንስ ሰውነት ኩላሊቱን ይዋጋዋል፤ ሲበዛ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ስኳር ያመጣል። ተቅማጥ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክና የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞልም እንዲሁ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ በኃይል ያወርደዋል። አገር ቤት ያለ ፋርማሲ ሁሉ ይህን ስለማይጠይቅ መጠየቅ ያለበት አስታማሚው ነው።

በሻንጣ የሚላክ መድኃኒትም የራሱ አደጋ አለው። ከአውሮፓ ወይም ከዐረብ አገር የሚመጣው አድቫግራፍ በቀን አንዴ የሚዋጥ ነው፣ ፕሮግራፍ በቀን ሁለቴ። የውስጡ ስም ሁለቱም ታክሮሊመስ ስለሆነ «ያው ነው» ተብሎ ይተካካል። ያው አይደለም። ከመላክ በፊት የታካሚውን ብልቃጥ ፎቶ ማስላክ፣ ዓይነቱ ከተቀየረም በሐኪም ትእዛዝ ሆኖ በሳምንት ውስጥ ደሙን ማስለካት ያስፈልጋል።

ምግብ ላይ ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ካልፈላ ወተት የወጣ አይብ፣ ውኃው ያልተፈላ የቤት ጠላ ይቀራሉ። ጉርሻም ለጥቂት ወራት ይቁም፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚገባ ፍቅር ቢሆንም የመከላከል አቅሙ ሆን ተብሎ ለተዳከመ ሰው ከባድ ነው። ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባትን አስቀድሞ ማነጋገር ይገባል፣ እስከ 9 ሰዓት ውኃም የማይቀመስ ከሆነ የጠዋቱ ክኒን ይዘለላልና። ጸበል የሚሄደውም ክኒኑን ይዞ ይሂድ። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማውም፣ «ድኛለሁ» ይላል። ክሪያቲኒኑ ግን ያለ ሕመም ሲጨምር ይሰነብታል።

ገንዘብን በሚመለከት ሐበሻ ለቀዶ ሕክምናው በጥቂት ቀን ያዋጣል፣ ለዚህ ወደር የለንም። መድኃኒቱ ግን ኩላሊቱ እስካለ ድረስ ነው። አሜሪካ ራሷ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶባታል፤ በኩላሊት ምክንያት ብቻ ሜዲኬር የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድን ያገኘ ሰው ሽፋኑ ከንቅለ ተከላው 36 ወር በኋላ ይቋረጥ ነበር፣ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ሌላ መድን ለሌለው የእነዚህ መድኃኒቶች ሽፋን በወርሃዊ ክፍያ ይቀጥላል። ከአዲስ አበባው ወንድም ጋር ያለው ስሌትም ይኸው ነው። አሥር ሰው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢይዝ በአንድ ቀን ከሚሰበሰብ ብዙ ገንዘብ ይሻላል።

ጠያቂው ሁሉ ወደ ታካሚው አልጋ ሲሄድ የለጋሿ ክፍል ጸጥ ይላል። አሜሪካ ማዕከሉ ለጋሿን በስድስት ወር፣ በአንድና በሁለት ዓመት ተከታትሎ ሪፖርት እንዲያደርግ ይገደዳል። አገር ቤት ቁስሉ ከደረቀ «ደህና ናት» ይባላል። እሷ ግን ዕድሜዋን ሁሉ በየዓመቱ ግፊት፣ ክሪያቲኒንና የሽንት ፕሮቲን መታየት አለባት፤ ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መልመድ የለባትም። ማርገዝ ከፈለገች ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ትጠብቃለች፣ ለሐኪሟም ለጋሽ መሆኗን ትናገራለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ አታንሺ ትባላለች፤ አለዚያ የተሰፋው የሆድ ጡንቻ ሊላቀቅ ይችላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው። ያንን ጄሪካን በእነዚያ ሳምንታት የሚሸከምላት ሰው ማን እንደሆነ ከቀዶ ሕክምናው ቀን በፊት በስም ይታወቅ።