እርማት፦ ማግኔት የሳበው ድንጋይ ሁሉ ወርቅ አለው ማለት አይደለም

ሰላም ወገን። ከላይ ብዙ ሰው «ኦሊምፒክ ዳም (አውስትራሊያ ያለ የማዕድን ማውጫ) ላይ ብረት፣ መዳብና ወርቅ አብረው ስለተገኙ፣ ማግኔት የሚስበው ከባድ ድንጋይ ካገኘህ ወርቅ አግኝተሃል» ሲል አየሁ። አብረው መገኘታቸው እውነት ነው። ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም።

ማግኔት የሚስበው ማግኔታይት የሚባለውን የብረት ማዕድን ነው እንጂ ወርቅን አይስብም። ማግኔታይት ደግሞ በየቦታው አለ፤ የስዊድኑ ኪሩና እኮ ግዙፍ የማግኔታይት ክምችት ነው፣ ግን የሚቆፈረው ለብረቱ ነው። ኦሊምፒክ ዳምም ቢሆን ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ከ300 ሜትር በላይ ውፍረት ባለው አለት ስር ተቀብሮ ነው በ1975 እ.ኤ.አ. የተገኘው። የስበትና የማግኔት ልኬት ቦታውን ጠቆመ፣ መዳቡን ያሳየው ግን ቁፋሮ ነው። ወርቁ በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ 1 ግራም እንኳ አይሞላም። ዋናው ምርት መዳብ ነው (የሚገርመው፣ ያ ሁሉ ብረት ለገበያ አይወጣም)።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ናሙናው ላብራቶሪ ሄዶ ይፈጫል፣ በእሳት ይቀልጣል፣ የወጣው ወርቅ ይመዘናል፤ ውጤቱም በአንድ ቶን ድንጋይ ስንት ግራም ወርቅ እንዳለ ሆኖ ይጻፋል። ያ ወረቀት ሳይኖር፣ ማግኔት ሲለጠፍበት ስላየ ብቻ «የወርቅ ድንጋይ» በኪሎ የሚገዛ ሰው፣ የብረት ድንጋይ በወርቅ ዋጋ ሊገዛ ይችላል።