ሳይክል ዘጌ ይግባ? ሁለት ሰዎች ተከራክረዋል

የክርክሩ ጭብጥ፦ «በዘጌ ቡና ደን ውስጥ ያሉት የእግር መንገዶች ለተራራ ብስክሌት ይከፈቱ።» ዘጌ ባሕር ዳር አጠገብ ወደ ጣና ሐይቅ የገባ ልሳነ ምድር ነው። ደጋፊው ባሕር ዳር የሚኖር ወጣት ብስክሌተኛ ነው። ተቃዋሚው ዘጌ ቡና ያላቸው የቀድሞ መምህር ናቸው። በየተራ የጻፉትን ሳንቆርጥ አቅርበነዋል።

ባለሳይክሉ

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት። ተማሪው በሳይክል፣ ሠራተኛው በሳይክል። ባጃጅ ቢበዛም ሳይክሉ አልሞተም። አንድ ችግር ግን አለባት፤ ሜዳ ናት። ማውንቴን ገዝተህ የምትነዳው አስፋልት ላይ ነው። ማርሹ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከፍ ዝቅ ያለ መሬት፣ ጥላና ጠመዝማዛ መንገድ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ዘጌ ላይ ነው። በየብስ ይደረሳል። ከፈለግህም ሳይክልህን ጀልባ ላይ ጭነህ ጣናን ትሻገራለህ።

ዘጌ የሚሄድ ጎብኚ ምን ያደርጋል? በጀልባ ይመጣል። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ገዳም ያያል፣ የግድግዳውን ሥዕል ፎቶ ያነሳል፣ ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ገዝቶ ይመለሳል። የሚበላውም የሚያድረውም ባሕር ዳር ነው። ሳይክል የያዘ ሰው ግን ይርበዋል። ይጠማዋል። ጎማው ይተነፍሳል። አፋፍ በምትባለው የዘጌ ከተማ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ካላማዳሪውን ያስለጥፋል፣ ሲመሽበት ያድራል። ለመንደሩ ልጆች ማስጎብኘት አለ፣ ጥገና አለ፣ ማከራየት አለ። «አሁን ጎብኚ የታለ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሲመለስ ምን ይዘን እንጠብቀው ነው ጥያቄው።

አዲስ መንገድ ይቆረጥ አላልኩም። ያለው ይበቃል። ደግሞም ከረፋዱ በኋላ መንገዱ ባዶ ነው።

ባለቡናው

ባዶ ነው አልክ ልጄ?

እኔ የምኖረው እዚያ ባዶ መንገድ ዳር ነው። ከረፋዱ በኋላ ሰው የማይታይህ ሰዉ ቡናው ውስጥ ስለሆነ ነው። ቅርጫት ይዛ የምትለቅመው ሴት ጀርባዋ መንገዱ ላይ ነው፤ ልጅም አዝላ ይሆናል። ጌሾ የተሸከመ ሰው ከመታጠፊያው ብቅ ይላል። ደጃፍ ላይ ቡና ሊደርቅ ተሰጥቷል። መነኩሲቷ ውኃ ቀድታ ትመለሳለች። አንተ ቁልቁል እየተምዘገዘግህ ስታልፍ ይህ ሁሉ «ባዶ» ይሆናል።

ዘጌ ጫካ አይደለም፣ ጓሮ ነው። ቡናውም ጌሾውም ሎሚውም ባለቤት አለው። አባቶች እንደነገሩን፣ አቡነ በትረ ማርያም ይህን አገር ሲባርኩ በሬ እንዳይጠመድበት አዘዋል። በዙሪያው ያለው ሜዳ ሁሉ ሲታረስ ይህ ደን የቆመው በዚያ ትእዛዝ ነው። ሞፈር ያልገባበትን ለጎማ እንክፈት ትለኛለህ?

የቡና ሥር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ምግብ የሚስበው ቀጭን ሥር አብዛኛው ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር አይወርድም። ሁለት ሳይክል ሲተላለፍ አንዱ የሚወጣው ወዴት ነው? እሱ ላይ።

ባለሳይክሉ

በመጀመሪያ «ልጄ» ይቅርብኝ ጋሼ። ክርክር ላይ ነን። እኔ ዕድሜዎን አንስቼ አላሸማቀቅኩዎትም።

አንድ ቃል ይዘው ገጽ ሞሉ። ባዶ ያልኩት ከጎብኚ ነው። ጎብኚው ጠዋት መጥቶ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ገበያ የለም። ይኸው ነው።

ወደ ቁም ነገሩ። ጎማ መሬት ያጠፋል የሚለው ነገር ብዙ ተናጋሪ እንጂ ለኪ የለውም። አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ እግረኛን፣ ፈረስን፣ ሞተር ሳይክልንና ብስክሌትን ያነጻጸረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1994 ታትሟል። እርጥብ መሬት ላይ ከጎማ ይልቅ ሰኮናና እግር ነው ብዙ አፈር የፈታው። መንገድ የሚያጠፋው አሠራሩ ነው። ቁልቁል ቀጥ ብሎ የወረደ መንገድ ማንም ይሂድበት ማን፣ ክረምት ሲመጣ ቦይ ይሆናል። የሙያው ሰዎች ለዚህ ደንብ አላቸው። የመንገዱ ቁልቁለት ከኮረብታው ተዳፋት ግማሽ አይብለጥ። በአማካይ ከ10 በመቶ አይለፍ። ወለሉ ወደ ታች በኩል ትንሽ ዘንበል ይበል፤ ውኃው መንገዱን ተከትሎ እንዳይሮጥ። ይህ ቢሠራ ለእርስዎም እግር ይጠቅማል።

ደኑን ካነሱት ደግሞ እኔም ልጠይቅ። በታንኳ ወደ ባሕር ዳር የሚጫነው ማገዶ ከየት ነው የሚመጣው? ሳይክል ነው የቆረጠው?

ባለቡናው

«ልጄ» ከከበደህ «ጌታው» እልሃለሁ።

ጌታው፣ ሞንታና ስንት እግር ቡና አለ? ፈረስን ከሳይክል አወዳድረህ አመጣህልኝ። ዘጌ ውስጥ ፈረስ የት አየህ? ትልልቅ ከብት እንዳይረባ ሥርዓት ባለበት አገር የሰኮና ጥፋት ለእኔ ምኔ ነው? ሸክማችን በሰው ትከሻ ነው። እግረኛውም አፈር ይፈታል አልክ፤ ይፍታ። እኔ በእግሬ ስሄድ ሰው ካገኘሁ ቆሜ «እንደምን ዋልሽ» እላለሁ። ፍሬን አልፈልግም።

ደንብህን ግን ወድጄዋለሁ፤ የእውነቴን ነው። ግማሽ፣ 10 በመቶ፣ ዘንበል። ታዲያ «ያለው መንገድ ይበቃል» ብለህ አልነበር የጀመርከው? የእኛ መንገድ አባቶቻችን ከቤት ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ባጠረው በኩል እየረገጡ ያወጡት ነው። ብዙው ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። በአንተ ደንብ ቢለካ ስንቱ ያልፋል? እንግዲህ አዲስ ሊቆረጥ ነው። በማን ቡና መሐል?

«ከጎብኚ ባዶ» የሚለውም አልተዋጠልኝም። በመጀመሪያው ጽሑፍህ «መንገዱ ባዶ ነው» ብለህ ነጥብ አድርገሃል። መምህር ነበርኩ፣ ነጥብ የት እንደሚደረግ አውቃለሁ። እኛን ከሰው ስላልቆጠርከን ነው ባዶ የሆነልህ።

ጎጃም ሰፊ ነው። ጢስ ዓባይ አለልህ። ጮቄ አለልህ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተህ ጅባራውን እያየህ እስኪበቃህ ንዳ።

ባለሳይክሉ

ይህ ንግግር ያማል። ከሰው አልቆጠርከንም? አያቴ አፋፍ ገበያ ጌሾ እየሸጡ ነው እናቴን ያሳደጉት። ለዘጌ ባዳ አይደለሁም።

ጮቄ ሂድ አሉኝ። ጮቄ ምሥራቅ ጎጃም ነው፣ ከሥራ መልስ የሚነዳበት አይደለም። ደግሞስ የጮቄ ገበሬ ገብሱ ባለቤት የለውም? እዚያ ያለው ሰው ጎማ ይችላል፣ የዘጌ ሰው ብቻ ነው የማይችለው?

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገብቷል። ያ ማለት አጥር አይደለም። ሰው እየኖረበት፣ እየሠራበት፣ ተፈጥሮውም ይጠበቅ ማለት ነው። እኔም ሐሳቤን ላጥብብ። ከሰኔ እስከ መስከረም ማንም አይንዳ፤ ጭቃ ላይ ፍሬን የያዘ ጎማ መሬቱን እንደሚልጠው ማንም ብስክሌተኛ ያውቃል። ለቀማ ሲደርስም ይዘጋ። ወደ ገዳማቱ ቅጥር አይጠጋ። ሰው ያገኘ ነጂ ወርዶ ይግፋ። የገባ ሁሉ ደግሞ ይክፈል።

ባለቡናው

ክረምት ዝግ። ለቀማ ዝግ። የሚተርፍህ ዐቢይ ጾም ነው፤ ያኔ ደግሞ መነኮሳቱ ሱባኤ ላይ ናቸው። ቀኑን እየቆረጥህ እየቆረጥህ ወደ እኔ እየመጣህ ነው፤ በርታ።

«ይክፈል» ያልካትን ግን የት ደብቀሃት ኖሯል? እስቲ በእሷ እንነጋገር። ጎብኚው ለጀልባው ይከፍላል። ለአስጎብኚው ይከፍላል። ለገዳሙ መግቢያ ይከፍላል፤ ይገባል። ዳገቱን የሚወጣው ግን በእኔ ዛፍ ጥላ ነው። ለእሱ ሳንቲም አይቼ አላውቅም። የሳይክሉን ብር ማን ይቀበላል? ቀበሌው? «ማኅበር ይቋቋማል» እንዳትለኝ። ማኅበር አይቻለሁ። ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን ይዞ ከተማ ገባ፣ እኛ ቃለ ጉባኤውን ይዘን ቀረን።

ስለዚህ መንገዱ የሚያልፍበትን ባለቡና ሁሉ ስም ጽፈህ አምጣ። እያንዳንዱ ይፈርም። ብሩም ለእያንዳንዱ በእጁ ይድረስ። ያኔ ስለ ቁልቁለቱ መቶኛ እናወራለን።

ባለሳይክሉ

እህ! በሬውም፣ ሥሩም፣ ሱባኤውም ቀርቶ ዋጋ ላይ ደረስን። ይህን በመጀመሪያው ቀን ቢሉኝ ኖሮ ሞንታና ድረስ ባልሄድኩ።

ስሙን ጽፌ አመጣለሁ። ግን አንዱ እምቢ ቢልስ? ስልሳው ሰው ፈርሞ አንድ ሰው ለአሥር እግር ቡናው ብሎ እምቢ ቢል መንገዱ በሙሉ ሊቀር ነው? ደግሞ የማገዶውን ጥያቄ እስካሁን አልመለሱልኝም።

ባለቡናው

እምቢ ካለማ እምቢ አለ። ሳይክልህን ተሸክመህ ዞረህ ትሄዳለህ።