በስንት ቀን ተለክቶ ነው?

ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። «ጉድ ሆንኩ» አለ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2025 ነበር። የቻይናው ዲፕሲክ በርካሽ የሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገበያውን አስደንግጦት፣ እሱ የያዘው፣ ለዚህ ዓይነት አስተውሎት ቺፕ የሚሠራው የኤንቪዲያ ኩባንያ አክሲዮን በአንድ ቀን 17 በመቶ ወርዷል።

ስልኩ ላይ የሚያየውን ግራፍ ላከልኝ። ቀይ መስመር ነው። ከሥሩ ትንንሽ ቁልፎች አሉ፦ 1 ቀን፣ 1 ወር፣ 1 ዓመት፣ 5 ዓመት። «እስቲ የ1 ዓመቱን ንካው» አልኩት። ከወረደ በኋላ እንኳ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። የ5 ዓመቱን ነካ። 20 እጥፍ ገደማ። ትንፋሹ መለስ አለ።

ግን እዚህም ላይ መታለል አለ። ማደግና አለመዋዠቅ አንድ አይደሉም። ይኸው አክሲዮን ከ2021 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 2022 ከ60 በመቶ በላይ ወርዶ ነበር። የ5 ዓመቱ ግራፍ ላይ ያ ገደል ትንሽ ጎድጎድ ያለች ነገር ናት። በኋላ የመጣው ዋጋ ትልቅ ስለሆነ ጨፍልቋታል።

መዋዠቅን የሚለካው ቁጥርም እንደ ግራፉ ነው፤ በተመረጠው ጊዜ ይወሰናል። የየቀኑ የመቶኛ ለውጥ ይወሰድና ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይሰላል። ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚሉት ነው። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 252 የግብይት ቀናት ስላሉ፣ የአንዱ ቀን ውጤት በ252 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ16 ገደማ ይባዛል። በቀን 1 በመቶ የሚዋዥቅ አክሲዮን በዓመት 16 በመቶ ይዋዥቃል ይባላል። ጣጣው የትኞቹ ቀናት ይግቡ የሚለው ላይ ነው። በ30 የግብይት ቀናት ከተሰላ ያቺ የ17 በመቶ ቀን ቁጥሩን ትሰቅለዋለች። በ31ኛው ቀን ከስሌቱ ትወጣለች። ሌሎቹ ቀናት ጸጥ ያሉ ከሆኑ ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ቁልቁል ይወርዳል። ኩባንያው ያው ነው። አክሲዮኑም ያው ነው።

ስለዚህ «ይህ አክሲዮን ብዙ አይዋዥቅም» የሚለኝን ሰው በስንት ቀን ተለክቶ እንደሆነ ሳልጠይቀው አላልፍም። ጥያቄው አሁን አገር ቤትም ደርሷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ገና ጀማሪ በሆነ ገበያ አንድ አክሲዮን ለሳምንታት ሳይሸጥ ሊከርም ይችላል። ዋጋው አልተነቃነቀም፤ በስሌቱ መዋዠቁ ዜሮ ነው። ይህን መረጋጋት ብሎ መሸጥ ሰውን ማሳሳት ነው። ለመሸጥ ብትወጡ ገዢ ላታገኙ ትችላላችሁ። ገዢና ሻጭ አገናኞችም ሆኑ ጋዜጠኞች ቁጥሩን ሲነግሩን የለኩበትን ጊዜና ከዚያ ውስጥ በስንቱ ቀን ግብይት እንደነበረ አብረው ይንገሩን።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። «ልሽጥ ወይስ ልተወው?» አለኝ። ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ለልጁ የኮሌጅ ክፍያ ነው፤ በኦገስት ይከፈላል። ሰባት ወር ብቻ ነው የቀረው። የ5 ዓመቱን ግራፍ አዘጋሁትና ያለፉትን ዓመታት ሰባት ሰባት ወር እየቆረጥን አብረን ማየት ጀመርን።