አገዳውም ይመዘን

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት የወጣ መንገደኛ ዓለማያ (የዛሬዋ ሐረማያ) ሲደርስ የሚያገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ በብዙ ሙያዎች ቢያስተምርም፣ ሲቋቋም የእርሻ ኮሌጅ ነበር። ውጥኑ የመጣው ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1944 ዓ.ም. ከተፈራረሙት ስምምነት ሲሆን፣ መምህራኑንና ተመራማሪዎቹን ያቀረበው የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ግቢውን በጥር 1950 ዓ.ም. መርቀው የከፈቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ኮሌጁ ማስተማርን፣ መመራመርንና የምርምሩን ውጤት ለገበሬው ማድረስን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዞ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን የኤክስቴንሽኑ (ውጤቱን ለገበሬው የማድረሱ) ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። አንድ ኮሌጅ አገር ሊያዳርስ አይችልምና ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሆኖም ዘር የሚያሻሽለውና የገበሬውን አቤቱታ የሚሰማው ሰው በሁለት መሥሪያ ቤት መለያየታቸው ያስከተለው ጉዳት እስከ ዛሬ የተጠገነ አይመስለኝም።

ኮሌጁ ከሠራቸው ምርምሮች ሁሉ እኔ የማስበልጠው የማሽላውን ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዓለማያ የተጀመረው፣ ዶክተር ብርሃነ ገብረኪዳን የመሩት የማሽላ ማሻሻያ ፕሮግራም፣ የውጭ ዘር ብቻ ከመጠበቅ ይልቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የአገር ውስጥ ማሽላዎችን ከየገበሬው ማሳ ሰብስቦ አወዳደረ። የማሽላን ሥር የሚመጥጠውን ጥገኛ አረም፣ አቀንጭራን፣ በሚቋቋሙ ዝርያዎች ሥራቸው በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታም በወጣትነታቸው የሠሩት እዚሁ ነበር። ዋናውን ምርጫ አስቀድሞ ያከናወነው ገበሬው መሆኑን ያ ትውልድ ተረድቶ ነበር ማለት ነው።

የሐረርጌ ደገኛ ገበሬ በሚያዝያ የዘራውን ረጅም ማሽላ የሚያጭደው በኅዳር ገደማ ነው። አብዝቶ ይዘራና ሲያሳሳ የነቀለውን ለከብቱ ይሰጣል፤ ከአጨዳ በኋላ አገዳው መኖ፣ ማገዶ፣ አጥርና የቤት መሥሪያ ይሆነዋል። ቆላ በሆኑት የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ዝናቡ አጭርና የማይታመን ስለሆነ ቶሎ የሚደርስ አጭር ዝርያ መመከሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከአጭር ዝርያ የሚገኘው አገዳ ጥቂት ነው። ገበሬው ሲያመነታ «አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚለው ፍርድ (በየስብሰባው የማይጠፋ ነው) ፈጽሞ ያላግባብ ነው፤ ሰውየው የሚያሰላው ከፍሬው ጋር የከብቱን ቀለብና የምድጃውን ማገዶ ጭምር ነው። ማገዶውን የምትሸከመው ሚስቱ ደግሞ ከእርሱ የበለጠ ታሰላለች።

ስለዚህ ድሬዳዋ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ቶኒ ፋርምም ሆነ በሌሎች የሙከራ ቦታዎች አንድ ዝርያ ለገበሬ ሲቀርብ በሔክታር ከሚሰጠው ፍሬ ጎን የአገዳው ክብደትና ለከብት ያለው ተስማሚነት አብሮ ይነገር። ገበሬዎችም፣ በተለይም ሴቶች፣ የሚጋበዙት ዝርያው ከተለቀቀ በኋላ ለመስክ ጉብኝት ብቻ ሳይሆን፣ ገና ብዙ አማራጭ በሙከራ መደብ ላይ ባለበት ጊዜ የሚጣለውንና የሚቀረውን ለመለየት ይሁን።