መጀመሪያ ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግቢ

በባዮሎጂ ተመርቃ «መምህር ልሁን ወይስ ሌላ ሥራ ልጠብቅ?» ብላ ለጠየቀችው እህታችን ነው የምጽፈው። ለጥያቄዋ የተጻፈላት መልስ የመከራት ስለ መምህር ደመወዝ ብቻ ነው። እውነት ነው፣ ያንሳል። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ በዚያ መኖር ከባድ ነው። ብዙ አስተማሪ ማታና ቅዳሜ ለማስጠናት የሚሯሯጠው ወዶ አይደለም።

እኔን ግን ይበልጥ ያደከመኝ እርማቱ ነው። አምስት ክፍል ብትይዢ፣ በየክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖር፣ አንድ አጭር ፈተና ስትሰጪ 300 ወረቀት ተሸክመሽ ቤት ትገቢያለሽ። ይሄን ማንም ቀድሞ አይነግርሽም። ወቀሳም አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ስንቱ ጣቱን መምህሩ ላይ ቀሰረ!

ታዲያ ለምን አልወጣህም በይኝ። አንዴ ከሥጋ ቤት የበግ ልብ ገዝቼ ክፍል ውስጥ ከፈትኩት። ሁሌ ኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ ተነስቶ መጣና «ቲቸር፣ ይቺ በር የምትመስለው ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ነው?» አለኝ። ቫልቩን ነው። ደብተር እንኳን አልነበረውም እኮ!

ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደው የመምህርነት ዲፕሎማ) ከመመዝገብሽ በፊት ሰፈርሽ ያለውን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አስፈቅጂና ጥቂት ቀን ከኋላ ተቀመጪ። ጫጫታው ብቻ ከታየሽ ተዪው። «እኔ ብሆን እንዴት አስረዳቸው ነበር?» ማለት ከጀመርሽ ግን ተመዝገቢ። ደግሞ ከሰዓት ሂጂ፤ ጠዋትማ ሁሉም ጨዋ ነው።